ምጣዱ እኮ ግሏል! ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰላም ቤተሰቦች እንዴት ናችሁ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ቆቦ ያላችሁ፣ ባህር ማዶ ሆናችሁ ሀገር የናፈቃችሁም እንዴት ናችሁ። የዛሬው ወሬያችን ከባድ ነው ግን አብሽሩ፣ በምጣድ ነው ማስረዳችሁ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ልትጨርስ ስትል እንጨቱን ከምጣዱ ስር ትጎትተውና አመድ ላይ ታጠፋዋለች። እሳት የለም በቃ። ግን የመጨረሻው እንጀራ አይኑን አውጥቶ ይበስላል፣ ከዛ በተረፈችው ሊጥ ቂጣ ታደርግበታለች፣ አሁንም እሳት የለም! እኛ ልጆቹ ደግሞ እሳቱ ጠፋ ብለን እጃችንን ልንሰድ ስንል "ኧረ ልጄ ምጣዱ እኮ ግሏል!" ብላ ትጮህብናለች።

ነገሩ ይሄው ነው። እንጨቱ ከፋብሪካው ከመኪናው የሚወጣው ጭስ ነው፣ ምጣዱ ምድራችን ናት። እስካሁን የተለቀቀው ሙቀት የሚያምቅ ካርቦን ገና ብዙ መቶ አመት አየር ላይ ይቆያል፣ ዛሬ ሁሉም ሰው ቢያቆም እንኳን ግለቱ ቶሎ አይወርድም። ስለዚህ ስራው ሁለት ነው፣ እንጨቱን መጎተትና ልጁን ከምጣዱ ማራቅ። የመጀመሪያው ልቀት መቀነስ ነው፣ ሁለተኛው መላመድ፣ ማለትም ለማይቀረው ግለት ተዘጋጅቶ ጉዳቱን መቀነስ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

መንግስታት እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ ሲስማሙ መላመድንም አብረው አስገብተውታል። የኛም ሀገር በ2011 ዓ.ም ብሔራዊ የመላመድ እቅድ አወጣች፣ 18 አማራጮች አሉት፣ ተፋሰስ፣ ውሃ ማቆር፣ ጤና፣ ኢንሹራንስ፣ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ምናምን፣ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራምም እዚሁ ይገባል፣ ሰው እርከን ሰርቶ እህል ወይ ብር ይቀበላል፣ መስራት የማይችለው ደግሞ እንዲሁ ይሰጠዋል።

እሺ፣ ባለፈው ቪዲዮ ስር ስንቶቻችሁ ናችሁ "ዛፍ እየተከልን አይደል እንዴ፣ ሌላ ምን ቀረ?" ያላችሁኝ። እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዛፍ መትከል ጥሩ ነው፣ እኔም እተክላለሁ። ግን የትኛው ዛፍ፣ የት ቦታ? ከእርከን ጋር ሆኖ ተራራው ከከብት ንክኪ ነፃ ከተደረገ አፈሩ ውሃ ይይዛል፣ ከስር ያለው ምንጭም ይጠነክራል፣ ይሄ መላመድ ነው። ምንጩ አፍ ላይ ባህር ዛፍ ከተከላችሁ ግን ምንጩን ነው የሚጠጣባችሁ።

ደግሞስ የዛሬ ችግኝ የዘንድሮን ማሽላ ያድናል እንዴ? የቆቦ ገበሬ ረጅሙን ማሽላ ሚያዝያ ላይ በበልግ ዝናብ ነው የሚዘራው። በልጉ ከቀረ ወይ ቶሎ ወደሚደርስ ዘር ይዞራል ወይ ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ላይ የሚሰራው እኮ ለዚህ ነው። ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣትም ቆቦ ላይ ከአባት የወረደ እውቀት ነው፣ መላመድ የሚባል ስም ሳይወጣለት በፊት ጀምሮ ማለቴ ነው። ደጋ ላይ ደሞ በበልግ ገብስ ብቻ የሚኖር ቤተሰብ አለ፣ በልግ ከቀረበት ክረምቱ ምንም አያደርግለትም።

ለኔ ከ18ቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ቅድመ ማስጠንቀቂያውን ነው የምመርጠው። አጎቴ አንድ አመት የበልጉን ትንበያ የሰማው ማሽላውን ከዘራ በኋላ ነበር። ከበቀለ በኋላ ክንድ ሳያክል ደረቀ፣ በመጨረሻ አጭዶ ለከብት ሰጠው። ወሬው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢደርሰው ያቺ ዘር ጎተራ ውስጥ ትቀር ነበር። ትንበያ በሬ ሳይጠመድ ነው መድረስ ያለበት፣ ለቀበሌው፣ ገበሬው በሚገባው አማርኛ፣ ከተለዋጭ ዘር ጋር።

በሚቀጥለው የጎርፍ ጠለፋውን ከማሳው ላይ ነው የማሳያችሁ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። እስከዛው ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፣ ዘንድሮ እናንተ ቀበሌ በልጉ መቼ ገባ?