«ኮቪድ የት ነው የያዘህ?»

በሲያትል፣ በማኅበረሰባችን የእራት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ከስቴቱ ምክር ቤት፣ ከኦሎምፒያ የመጣችሁ እንግዶቻችንም እንኳን ደህና መጣችሁ። አጠገባችሁ ያለው ልጅ ይተረጉምላችኋል። ስቆጣ ግን እንዳያለሳልሰው አደራ ብዬዋለሁ።

የተሰጠኝ አሥር ደቂቃ ነው። ለምስጋና ወረቀቱ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ሳሎን ትሰቅለዋለች። እናቴን ታውቋታላችሁ። በእሳት አደጋ ሠራተኛነት ሥራ የጀመርኩ ቀን «አሜሪካ ድረስ የመጣኸው ቱቦ ልትጎትት ነው?» ብላ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። እስከ ዛሬም እሳት አደጋ ማለት እሳት ማጥፋት ብቻ ይመስላታል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አብዛኛው ጥሪያችን ሕመም ነው። ልቡ ቀጥ ያለ ሰው፣ ደረጃ ላይ የወደቀች አሮጊት፣ መተንፈስ ያቃተው ጎረምሳ። በሩን ስንከፍት እሳት የለም። ሰው ነው ያለው። ሰው ደግሞ ያስላል።

በ2020፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ኪርክላንድ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሐይቁን ተሻግረን ነው፤ ሩቅ አገር አልነበረም። አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሰው በላይ በላይ ታመመ። የከተማው እሳት አደጋ ሠራተኞች እንደወትሮው ተጠሩ፣ እንደወትሮው ሄዱ። አነሱ፣ ተሸከሙ፣ ኦክስጅን ሰጡ። ከምን ጋር እንደተገናኙ ያወቀ አልነበረም። ከ20 በላይ የሚሆኑት ኳራንቲን ገቡ። ፌብሩዋሪ 29 የያኔው የዋሽንግተን ስቴት ገዢ ጄይ ኢንስሊ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ማርች 5 ደግሞ ኳራንቲን የገባ የጤናና የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከሥራ ላይ ጉዳት መድን እንዲከፈለው ተወሰነ። ፈጣን ውሳኔ ነበር። አልክድም።

ግን ኳራንቲን መግባትና መታመም ለየቅል ነው።

እኔ የታመምኩት ያን ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ባለቤቴ አጥሚቱን በር ላይ አስቀምጣ፣ አንኳኩታ ትሮጣለች። ሲሻለኝ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ መጠየቂያውን ወረቀት ሞላሁ። ከዚያ ጉዳዬን የያዘው ሰው ደወለ። ስሙንም ቢሮውንም አልጠራም፤ እሱም ተቀጣሪ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው ይሄ ነበር፦ «የት ነው የያዘህ ትላለህ?»

«ሥራ ላይ» አልኩት።

«ቤትህ ስንት ሰው ይኖራል?»

«ስድስት።»

«ስድስት?» ኪቦርዱ ሲንጫጫ ይሰማኛል።

እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች፣ እኔ። ለእኛ ይሄ ባዶ ቤት ነው። ለእሱ ግን ማስረጃ ሆነ። ቀጥሎ «ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ሄደሃል?» አለኝ። እዚህ ላይ ሞኝነቴ ያዘኝና እውነቱን ተናገርኩ። ልቅሶ ደርሻለሁ አልኩት። ልቅሶ ምን እንደሆነ ማስረዳት ራሱ ስንት ጊዜ ፈጀ መሰላችሁ። «ሟቹ ዘመድህ ነው?» አይደለም። «ታዲያ ለምን ሄድክ?» እስቲ እናንተ መልሱለት! ጋራዡ በር ላይ ቆሜ፣ ማስክ አድርጌ፣ ከሩቅ እጅ ነስቼ ነው የተመለስኩት። ቡና እንኳ አልቀመስኩም። እሱ ግን ያችን ልቅሶ ይዞ ሦስት ወር አመላለሰኝ። ማን ነበረ? ስንት ሰው? ከመሃላቸው የታመመ አለ? በዚያው ሳምንት ፊቴ ላይ እየሳሉ ያነሳኋቸው ሰዎች ስንት እንደነበሩስ? አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው። የምስጋና ወረቀቱ ሰበብ ነው።

ሕግ አዋቂዎች «የሕግ ግምት» የሚሉት ነገር አለ። ነገሩ ቀላል ነው። ይህ ሥራ ይህን በሽታ እንደሚያመጣ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሲታመም ከሥራው እንደያዘው ይወሰዳል፤ አይደለም የሚል ካለ እሱ ያስረዳ። የማስረዳት ሸክሙ ከበሽተኛው ላይ ይነሳል። ዋሽንግተን ስቴት ይህን ለእሳት አደጋ ሠራተኛ በ1987 ሰጥታለች፤ ለመተንፈሻ አካል በሽታ። በ2002 የልብ ችግር፣ ካንሰርና ተላላፊ በሽታ ተጨመሩ። ተላላፊ ሲባል ግን አራት ነው የተዘረዘረው፦ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ፣ ማጅራት ገትር፣ ቲቢ። በ2020 ያን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ብታነቡት ኮቪድ የለበትም። እንግዲህ አስቡት። የያዘኝ ቲቢ ቢሆን ኖሮ ስለ ልቅሶ የሚጠይቀኝ አልነበረም!

የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ የባሰ ያስቃል። ኦገስት 14፣ 2020 ጸደቀ። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከመጨረሻ ፈረቃው በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ኮቪድ ተገኝቶበት በዚያው ከሞተ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ በሥራ ላይ እንደሞተ ይቆጠራል ይል ነበር። ደግ ሕግ ነበር፤ ለቤተሰብ ይደርስ ነበር። ግን ብሞት ኖሮ እናቴን «ልጅሽ ልቅሶ ሄዶ ነበር ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ማን አፍ ነበረው? ስለተረፍኩ ነው የተመረመርኩት።

የእኛ ስቴት ሕግ፣ የሴኔት ረቂቅ 5115፣ የተፈረመው ሜይ 11፣ 2021 ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ስኖሆሚሽ ካውንቲ በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ ከተገኘ አሥራ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ሕጉ ጥሩ ነው። እኛን አካቷል። የግሮሰሪ ሠራተኛውን፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌሩን፣ ቤት ለቤት ሽማግሌ የምትንከባከበውን እህታችንን አካቷል። አዳራሹ ውስጥ ግማሻችሁ አላችሁበት። ግን አንድ ቀዳዳ ትተውበታል። ግምቱ የሚሠራው የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ብቻ ነው። አዋጁ ሲነሳ ግምቱም አብሮ ይነሳል። ክቡራን እንግዶቻችን፣ ቫይረስ አዋጅ አያነብም! ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን በሽተኞች የምንሸከመው እኛ ነን፤ አዋጁ ሳይታወጅ። ኪርክላንድ የገቡት ልጆች አዋጅ ጠብቀው ነው እንዴ የገቡት?

እዚህ ላይ ታጨበጭባላችሁ ብዬ ጽፌ ነበር። ቆይ፣ የባሰውን ልንገራችሁ።

ጋሽ የምንላቸው አንድ የኡበር ሾፌር አሉ። ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን ብጠራ ይቆጡኛል። በ2020 አንድ ተሳፋሪ የአምቡላንስ ሂሳብ ፈርቶ በእሳቸው መኪና ሆስፒታል ሄደ። መንገዱን ሙሉ ሲያስል ነበር። እኔ ጋውን ነበረኝ፣ ጓንት ነበረኝ፣ ማስክ ነበረኝ። እሳቸው ግን ላስቲክ የጋረዱበት ፕራዩስና የተከፈተ መስኮት ነበራቸው። ከዚያ ታመሙ። እሳቸውን «የት ያዘዎት?» ያላቸው የለም። ካሳ የሚጠየቅ አሠሪ አልነበራቸውማ! የሥራ አጥ ድጎማው ደርሷቸዋል፤ እሱን አልክድም። ለኡበርና ለሊፍት ሾፌር የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ በዚህ ስቴት የጀመረው ግን ጃንዋሪ 1፣ 2023 ነው። እኔ ቢያንስ የምጨቃጨቀው ሰው ነበረኝ።

ለኮቪድ ስለተመደበው ገንዘብም ትንሽ ልበል። በ2021 ከፌዴራል መንግሥት ለስቴቶችና ለከተሞች 350 ቢሊዮን ዶላር ተመድቧል። ከእሱ እንደ እኛ ከሰው ጋር እየተገናኘ ለሠራ የግንባር ሠራተኛ በሰዓት እስከ 13 ዶላር ጭማሪ መክፈል ይፈቀድ ነበር። ይፈቀድ ነበር እንጂ ግዴታ አልነበረም። ማን አገኘ፣ ማን ቀረ የሚለው ሌላ ምሽት ይፈልጋል።

ደቂቃዬ አልቋል፤ ሰብሳቢዋ እያየችኝ ነው። ቡናው ጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። በዚያ ጊዜ ሥራ ላይ የታመማችሁ፣ ሾፌርም ሁኑ ነርስ፣ ስማችሁንና የሆነባችሁን ጻፉ። በእንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ በአማርኛ ጻፉት፤ ልጆቼ ይተረጉሙታል። ጃንዋሪ ላይ ምክር ቤቱ ሲከፈት ይዤው ኦሎምፒያ እወርዳለሁ። መኪናዬ ሰባት ሰው ትይዛለች። አንዱን ቦታ ጋሽ ይዘውታል፤ እናቴም ካልሄድኩ ብላለች። አራት ቦታ ቀርቷል።