በፎቶግራፉ ጥግ ላይ ያለ ስም

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ለረጅም ጊዜ ሆዴ ውስጥ ያቆየሁትን አንድ ጉዳይ ራሴው ላጫውታችሁ ስለፈለግሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አነሳሁ። እናት ልጇን ታቅፋለች፤ ጠበሉ ሲረጭ ሕፃኑ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፍቷል፤ የነጠላዋ ጥለት ርሶ ክንዷ ላይ ተጣብቋል። በዓመቱ ሱሪ ላሳጥር ወደ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ስገባ ፎቶግራፉን በአንድ ድርጅት ካላንደር ላይ አገኘሁት። ስሜን የጻፍኩበት የታችኛው ጠርዝ ተቆርጦ የጥለቱን ግማሽ ይዞት ሄዷል።

ያማከርኩት ጠበቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስምህ ነበረበት ወይ?» ብሎ ነው። ለምን እንደጠየቀኝ የገባኝ ሕጉን ሳነብ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና (ከሌላ ያልተቀዳ የራስ ፈጠራ ማለት ነው) ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከሐሳብ አልፎ በሚታይ ወይም በሚሰማ መልክ ከተቀመጠ፣ ምንም ዓይነት ሥርዓት ማሟላት ሳያስፈልገው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ይሰጠዋል። ፎቶግራፍ ግን የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ አለዚያም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ምልክት ወይም ስምና አድራሻ መያዝ አለበት። የጥበቃው ዘመንም ቢሆን ለደራሲ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ሲሆን፣ ለፎቶግራፍ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በ20 ዓመቱ ያነሳውን ፎቶግራፍ አንድ ባለሙያ በ45 ዓመቱ፣ ገና ካሜራውን ሳይሰቅል፣ መብቱን ያጣበታል ማለት ነው። ይህ ልዩነት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ሊሻሻልም ይገባዋል።

እኔን ያዳነኝ ስሜና ስልክ ቁጥሬ ያሉበት የመጀመሪያው ቅጂ ከነጥሬ ፋይሉ፣ ማለትም ካሜራው ካስቀመጠው ካልተነካካው ምስል ጋር፣ ሃርድ ዲስኬ ውስጥ መገኘቱ ነው። የድርጅቱ ሰዎች «ከቴሌግራም ያገኘነው ነው» ቢሉም፣ ካላንደሩ ላይ የሌለው የጥለቱ ግማሽ እኔ ዘንድ እንዳለ ሲያዩ የሚሉት አጡ። አዋጁ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ መደንገጉን ጠበቃዬ ሲነግራቸው ደግሞ ሽማግሌ ላኩ፤ ፍርድ ቤት ሳንደርስ ተስማማን።

የሠርግ ፎቶግራፍ የምታነሱ ወዳጆቼ አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። በአዋጁ መሠረት፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብት፣ ባለቤት አዛዡ ነው። ስለዚህ ቀብድ ስትቀበሉ፣ ምስሎቹ የማን እንደሚሆኑና እናንተ ለማስታወቂያ ልትጠቀሙባቸው ትችሉ እንደሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ተፈራረሙ።

በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ የምትሠሩ የሙያ አጋሮቼ ደግሞ ያላችሁበት ሕግ ሌላ ነው። እዚያ መብቱ ያለ ምዝገባ ቢገኝም፣ አሜሪካ ውስጥ ለተሠራ ሥራ ክስ ለመመሥረት መመዝገብ ግድ ነው። ጥሰቱ ከመፈጸሙ በፊት፣ ወይም ፎቶግራፉ ለሕዝብ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ ያስመዘገበ ሰው፣ ያጣውን ገንዘብ በማስረጃ ማሳየት ሳይጠበቅበት ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነም እስከ 150,000 ዶላር ሊወሰንለት ይችላል። በአንድ ማመልከቻ እስከ 750 ፎቶግራፎች ማስመዝገብ ስለሚቻል፣ ብዙ ምስል በአንድ ጊዜ ይጠቃለላል።

እኛ አገር በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ መብቱን የሚፈጥር ባይሆንም ለክርክር ማስረጃ ይሆናል። እኔ አሁን የዓመቱን ሥራዬን በስብስብ አዘጋጅቼ አስመዘግባለሁ፤ ስሜንም እንደ ድሮው ጠርዝ ላይ ሳይሆን፣ ቢቆረጥ ምስሉ ራሱ የሚበላሽበት ቦታ ላይ እጽፋለሁ። በጥምቀቱ ፎቶግራፍ ላይ አሁን ስሜ የሚነበበው በጥለቱና በሕፃኑ እግር መካከል ነው።