ትንበያችን እስከ ዞን ይውረድ

ክቡራትና ክቡራን፣ የማኅበራችን አባላትና ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የአየር ንብረት ለውጥ በግብርናችን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስናሰላ አብዛኛውን ጊዜ የምናቀርበው አንድ አገራዊ አኃዝ ነው። በልግ ከአገሪቱ የሰብል ምርት ያለው ድርሻ ትንሽ ስለሆነ ዝናቡ ቢቀርም አገራዊው ድምር ብዙም አይነቃነቅም። በልግ አብቃይ ለሆኑት የሰሜን ሸዋና የደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ግን ጉዳዩ የዓመት ቀለብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲስተጓጎሉ ያለቀው ከብት ነው። ሰብልን ብቻ የሚቆጥር ሞዴል ይህን ጉዳት ጨርሶ አያየውም።

ስሌቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው። የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ምድርን በካሬ ከፋፍለው ስለሚያሰሉና የአንዱ ካሬ ጎን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሰሜን ተራሮችና የተከዜ ሸለቆ በአንድ ከፍታ ይቆጠራሉ፤ ሙቀቱ ግን በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ይለያያል። ስለዚህ ውጤቱን ቢያንስ በ30 ዓመት የጣቢያና የሳተላይት መረጃ ማረም ግድ ነው። የወር ድምርን ብቻ ማስተካከልም አይበቃም። ዝናቡ የሚገባበት ቀንና በመሐል የሚከሰተው የደረቅ ቀናት ርዝመት ካልታረሙ፣ ጤፉ ሲያብብ ውሃ ማጣቱ በምርት ስሌቱ ላይ አይታይም።

የተለያዩ ሞዴሎች የሚተነብዩትን ዝናብ አስቀድሞ በአማካይ ማጠቃለልም አደገኛ ነው። አንዱ ይረጥባል፣ ሌላው ይደርቃል ሲል አማካዩ «ለውጥ የለም» ይላል። እያንዳንዱ ሞዴል ለብቻው እስከ ምርትና ገቢ ድረስ ይሂድ፤ ከዚያ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን እናሳይ። ስንዴና ገብስ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር የሚያገኙትን ጥቅም ለጤፍ፣ ለበቆሎና ለማሽላ በዚያው ልክ መስጠትም ስህተት ነው።

በሌሎች አገሮች የእርሻ መሬት ዋጋን ከአየር ንብረት ጋር የሚያዛምዱ ጥናቶች አሉ። እኛ ዘንድ መሬት ስለማይሸጥ በምትኩ የሄክታር የተጣራ ገቢ እንወስዳለን። ይህ ገቢ ግን የዚያን ዓመት ዝናብ ተሸክሞ ስለሚመጣ የአንድ ዓመት ጥናት የአየር ንብረትን ተጽዕኖ ነጥሎ ሊያወጣ አይችልም፤ ያንኑ ቤተሰብ ለተከታታይ ዓመታት መጠየቅ ያስፈልጋል።

የምርት ቅናሹን በዛሬ ዋጋ ማባዛትም አያዋጣም። እህል ሲወደድ ትርፍ አምራቹ አካባቢ ሊጠቀም ይችላል፤ ከራሱ ማሳ የማይበቃውና ገዝቶ የሚሞላው ገበሬ ግን በምርቱም በዋጋውም ይጎዳል።

ዛሬ ጥናት የምታቀርቡ ሁሉ ውጤታችሁን በዞን ከፍላችሁ፣ ከነዝቅተኛውና ከነከፍተኛው እንድታሳዩን እየጠየቅሁ፣ ጉባኤያችን መከፈቱን አበስራለሁ።