መርፌው 40፣ መኪናዋ ቆማለች

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ማይኩ ተበላሽቶ አይደለም፣ ዝናብ ነው። የጅማ ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ግን በዚህ አያያዙ እስከ መስከረም ልጠብቅ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ብረት አለ። ቡጢ ያህላል። ቆይ፣ ማይኩ አጠገብ ላንቀጫቅጨው። ሰማችሁት? ይህ ድምፅ ሁለት ወር ሙሉ ሲያናግረኝ ነበር።

መኪናዬን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። የ1994 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ማኑዋል። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እኮ በዕድሜ ትበልጠናለች» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም አንቱ ልላት ምንም አልቀረኝ።

ባለፈው ወር ሐሙስ ቀን እማዬን ይዤ ወደ ጅሬን ወጣሁ። ለቅሶ ነበር። ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ከተማው ዛፍ ውስጥ የተደበቀ ይመስላል። ለቅሶ ደርሰን ወጣን። መንገዱ ጠባብ ነው፣ መኪናዋን ማዞር አለብኝ። መሪውን እስከ መጨረሻው አጠፍኩ። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ሽቅብ ስለሆነ ነዳጅ ጨመር አደረግሁ።

ቋ!

ሞተሩ አልጠፋም። ድምፁም ደህና ነው። ግን መኪናዋ የለችም። ማለቴ አለች፣ አትሄድም። ሁለተኛ አስገባሁ፣ የለም። የኋላ ማርሽ፣ የለም። ሦስተኛ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን፣ ስለቅ በደህናው ጊዜ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ መጥፋት ነበረበት። እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይዘፍናል። ነዳጅ ስረግጥ የፍጥነት መርፌው ብድግ አለ። 20፣ 30፣ 40። እኛ ያለነው እዚያው የሰው አጥር ስር ነው።

ይህችን መርፌ ያዙልኝ። እኔ አልያዝኳትም ነበር።

እንደምታውቁት አገራችን ውስጥ መኪና ከቆመ አምስት መካኒክ ከመሬት ይበቅላል። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ከበበን። አንዱ «ፍሪሲዮን ነው» አለ። ሌላው «ነዳጁ ቆሻሻ ነው»። ሞተሩ እየሠራ ነዳጁ ምን አደረገ? ባጃጅ የሚነዳ የድሮ ተማሪዬ ነበር፣ እሱ ጎንበስ ብሎ አየና በሐዘን ድምፅ «ቲቸር፣ ካምቢዮ ነው» አለኝ። ሰዉ ዝም አለ። ካምቢዮ ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን ነው። እኛ ጋ «ካምቢዮ» የሚለው ቃል እንደ «ዕጢ» ነው። ከተባለ በኋላ የሚጨምር ሰው የለም።

እስቲ እንወያይ ብለን ሞተሩን አጠፋሁ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ትቻት ወረድኩ። ለኔ መኪና የእጅ ፍሬን ጌጥ ነው፣ ሁልጊዜ በማርሽ ነው የማቆማት። እማዬ ውስጥ ነበረች። በመስኮት «አንተ፣ ልትሄድ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። እውነትም ቀስ ብላ ቁልቁል መንሸራተት ጀምራለች። ልጁ ሮጦ ድንጋይ ከጎማው ስር ከተተ። ማርሽ ላይ ያለች መኪና በራሷ ስትሄድ አየሁ። አይቼም «ጉድ» ብዬ አለፍኩት።

ወደ ታች መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ስለዚህ እየተንከባለልን ወረድን። ሞተሩን አስነስቼ ነው የወረድኩት። ሞተር ከጠፋ ፍሬኑ አጋዥ ስለሌለው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። እንዲህ ያለ ነገር የሚገጥማችሁ ካላችሁ ይህችን አትርሱ፤ ከተቻለ ደግሞ ጭራሹን አትውረዱ፣ አስጎትቱ። እኔ የወረድኩት በእልህ ነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ቆመች። ያን ዕለት ደግሞ የሐሙስ ገበያ ነው። ከሂርማታ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየን ነው የሚያልፈው። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ለለቅሶ ይሁን ለመኪናዋ አላውቅም።

በማግስቱ አስጎትቼ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልናገርም፣ ልጆቹም ክፉ አይደሉም። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ማርሹን ወዲያ ወዲህ አደረጉ፣ «ካምቢዮ ይወርዳል፣ በሳልባጅ ይቀየራል» አሉኝ። ከ60 ሺህ ብር በላይ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋጋ በልቤ መኪናዋን በቁርጥራጭ ዋጋ ሸጫታለሁ፣ በእግሬም ትምህርት ቤት ደርሻለሁ።

ቅዳሜ አንድ ጓደኛዬ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰደኝ። ጋራዥ የላቸውም። አንድ የቡና መጋዘን አጥር ስር ነው የሚሠሩት፣ ሸራ ወጥረው። መኪናዋን ሳያዩ ገና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጠየቁኝ።

«ማርሹ ይገባል?»

«ይገባል ጋሼ፣ ሁሉም ይገባል። ድምፅም የለውም።»

«የተቃጠለ ሽታ?»

«የለም።»

«ነዳጅ ስትረግጥ መርፌው ይነሳል?»

«40 ደርሷል።»

ሳቁ። ጥርሳቸው ሁለት ሦስት ነው የቀረው፣ ግን ሳቁ። «ታዲያ ካምቢዮህ ምን በደለ? እየሠራ እኮ ነው» አሉኝ።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። 11ኛ ክፍል ገብቼ ቦርድ ላይ «ቶርክ»፣ የማዞር ጉልበት፣ ብዬ የምጽፍ ሰው ነኝ። እና ያፈርኩት ማፈር...

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ ካምቢዮውና ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል አንድ ቤት ውስጥ ነው ያሉት። የድሮዋ ዲኤክስ ኮሮላ እንዲህ አልነበረችም፣ ዲፈረንሻሏ ከኋላ ነው፣ በረጅም ዘንግ ይገናኛሉ። ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ የዞረችው በ1983 በፈረንጆቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ከፊት የሚሰማው ነገር ሁሉ ለኛ «ካምቢዮ» ነው። ከዚያ ቤት ግራና ቀኝ ሁለት አክስል፣ ዘንግ ማለት ነው፣ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ወደ አንድ ጎማ። መርፌው የሚያነበው ጎማውን አይደለም፣ የእኔዋ ላይ ዲፈረንሻሉን ነው። መርፌው ከተነሳ ኃይሉ ሞተሩን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ማርሾቹን ሁሉ አልፎ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። የተቆረጠው ከዚያ ወዲያ ነው።

ታዲያ አንድ አክስል ቢበጠስ ሌላው ለምን አይጎትትም? እኔም ጠየቅኋቸው። ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ጉልበት ነው የሚሰጠው። ኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ብዙ መሄድ ስላለበት በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ይለቃቸዋል፣ ጉልበቱን ግን እኩል ያካፍላል። በአንዱ በኩል የሚገታው ነገር ከሌለ በዚያ በኩል የሚያስፈልገው ጉልበት ዜሮ ነው። የሌላውም ድርሻ ያው ዜሮ ይሆናል። የተበጠሰው በባዶ ይሽከረከራል፣ ጤነኛው ቆሞ ያያል። መኪናዋ ማርሽ ላይ ሆና የተንሸራተተችውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚይዛት አልነበረም።

ክሪክ እንኳን አላወጡም። ጎማዎቹን በድንጋይ አስያዙ፣ «አንደኛ አስገባና ቀስ ብለህ ልቀቅ» አሉኝ። ራቅ ብለው ቁጢጥ አሉና በስልካቸው መብራት ወደ ግራ ጎማ አበሩ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። «ና ውጣ፣ ጓደኛህ ይያዝልህና እይ» አሉኝ። አየሁ። አክስሉ እንደ እንዝርት ይሾራል። ጎማው ቆሟል። የጎማው የውስጥ ገጽ በጥቁር ግሪስ ተረጭቶ፣ ግሪሱ ላይ ጭቃ ደርቋል።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብረት እንግዲህ ያ ነው። አክስሉን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው፣ ሲቪ ጆይንት የሚሉት። ውስጡ 6 ኳሶች አሉ። ኳሶቹን በየቦታቸው የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው፣ እሱ ነው ለሁለት የተሰበረው። ጣቴን ሳስገባ ኳሶቹ የሚሄዱበት ቦይ ተቦርቡሮ ጥፍሬን ይይዘዋል። ያ መስተዋት መሆን ነበረበት። ከላይ የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዷል፣ ግሪሱ ወጥቷል፣ የጅማ ጭቃ ገብቷል። መሪ እስከ መጨረሻው ሲታጠፍና ሽቅብ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ጆይንቱ ከሁሉም በላይ የሚጨነቅበት ሰዓት ነው። እኔ ጅሬን ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግሁበት።

ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ኩርባ በዞርኩ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ቀጥ ስል ይጠፋል። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፣ የእኔዋ ግን በጆሮ ነበር የምትነግረኝ። እማዬ ሰምታለች። «ይህች መኪና ጥርሷን ታፋጫለች» አለችኝ አንድ ቀን አጂፕ ሰፈር ጋ ስንዞር። እኔ ምን አደረግሁ? ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። በእግዚአብሔር፣ ያደረግሁት ይህንን ነው። ያኔ የተቀደደውን ሽፋን ቀይሮ ግሪስ መሙላት ቢሆን ኖሮ የአንድ ቀን ምሳ ነበር።

ሽማግሌው በሳልባጅ አክስል ቀየሩልኝ። አክስሉ ሲነቀል የፈሰሰውን የካምቢዮ ዘይትም ሞሉ። ሁሉም ተደምሮ ካምቢዮ ከተባልኩት ሲሶውን አልደረሰም። ወደዚያኛው ጋራዥ ሄጄ ልናገር ብዬ ነበር፣ ተውኩት። መርፌዋን እኔም አይቻት ነበር እኮ።

ስከፍላቸው በቀኝ በኩል ጎንበስ አሉና «የዚህኛውም ሽፋን ተሰንጥቋል፣ ክረምቱ ሳይገፋ አምጣት» አሉኝ። እስካሁን አልወሰድኳትም። ደመወዝ እስኪወጣ ነው።

እማዬ ግን አሁን መኪና ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ሬዲዮኑን ታጠፋለች።