የተበላሸው 48

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜን ያህል ቀን፣ ገበያውንም ሥራውንም ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በየዓመቱ ወላጆች እየመጡ «ቲቸር፣ ልጄ ማባዛት አልያዝ አለው» ይሉኛል። ጭንቀታችሁ ይገባኛል። እኔም በልጅነቴ ቆሜ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ስባል አፌ ተያያዘና ማስመሪያው መዳፌ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ 56ን ረስቼ አላውቅም። ለምን 56 እንደሆነ የገባኝ ግን አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። 7 ጊዜ 4፣ 28 ነው። 28 እና 28 ደግሞ 56። በቃ፣ ይኸው ነው።

በቃል መያዝ አያስፈልግም አልልም። ሁላችንም ፊደል የቆጠርነው በዜማ ነው። ግን ፊደሉም ሥርዓት አለው። ቡን እና ሱን ያየ ልጅ፣ ሹን ማንም ሳይነግረው ቀኝ ጎኑ ላይ ጭረት ያወጣለታል። ሩ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። ያን ጊዜ ሩን ለብቻው ይይዛል። ማባዛትም እንዲሁ ነው።

ከ1 እስከ 10 ያለው ሰንጠረዥ 100 ሳጥን አለው። ለልጅ 100 ብዙ ነው። ነገር ግን 3 ጊዜ 7 እና 7 ጊዜ 3 አንድ መሆናቸውን ሲያይ 55 ብቻ ይቀሩታል። የ1፣ የ2፣ የ5 እና የ10 ቀላል ናቸው። የ4 ማለት እጥፍን መልሶ ማጠፍ ነው። የ9ንም በጣቱ ያገኘዋል። ታዲያ ስንት ቀረ? አሥር። አሥሩን በቃል ይያዝ፤ ያን ያህልማ አይከብደውም።

አሁን አንዲት ተማሪዬ ያደረገችውን ልንገራችሁ። የ9ን ብዜት ሰሌዳ ላይ ጽፈን ነበር፦ 9፣ 18፣ 27፣ 36። የአሥር ቤቱ አንድ አንድ ይጨምራል፣ የአንድ ቤቱ አንድ አንድ ይቀንሳል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 9። ልጆቹ ደስ አላቸው። እሷ ግን ደብተሯ ላይ በራሷ ጊዜ የ8ን ጀመረች። 8። 16፣ አንድና ስድስት 7። 24፣ 6። 32፣ 5። 40፣ 4። ቁልቁል እየወረደ ነው! ከዚያ 48 ላይ 12 መጣባት። እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ 48 ተበላሸ» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መልሱን አላውቀውም ነበር። «እስቲ እንየው» ብዬ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «12ንም እንደምረዋ» አለች። አንድና ሁለት፣ 3። ክፍሉ ጮኸ። 56፣ 11፣ ከዚያ 2። 64፣ 10፣ ከዚያ 1። ምንም አልተበላሸም።

ምክንያቱን ያገኘነው በማግስቱ በብር ነው። 8 መጨመር ማለት 10 ብር ሰጥቶ 2 ብር መልስ መቀበል ነው። ስለዚህ የአሥር ቤቱ በአንድ ይወጣል፣ የአንድ ቤቱ በሁለት ይወርዳል፤ ድምሩም በአንድ ያንሳል። 40 ላይ ግን የአንድ ቤቱ ባዶ ነው፤ መልስ የሚሰጥ የለም። 48 ላይ የተሰናከለችው ለዚህ ነው። ይህን የተረዳች ልጅ የ8ን ብዜት ብትረሳ እንኳ መልሳ ትሠራዋለች። በኔ እምነት ትልቁ ነገር እሱ ነው።

እናንተን የምለምነው ብዙ አይደለም። ልጁን በድንገት «6 ጊዜ 7!» እያላችሁ አታስደንግጡት። መልስ ሲሰጣችሁ፣ ትክክልም ይሁን ስህተት፣ «እንዴት አገኘኸው?» በሉት። እሱ ሲያስረዳ ታገሡት፤ እራት ቢቀዘቅዝም ታገሡት።

ቁሳቁሱ በየቦታው አለ። የ30 እንቁላል ትሪ 5 በ6 ነው፤ ስታዞሩት 6 በ5። የለስላሳ ሳጥን 4 በ6። ባሕር ዳር ደግሞ ባጃጅ ሞልቷል፤ እያንዳንዱ ሦስት ጎማ አለው። ወደ ጣና ዳር በእግር ስትወርዱ ተራ የያዙትን ባጃጆች አስቆጥሩት። አራት ባጃጅ ስንት ጎማ? አንዱ ቢሄድስ? ገበጣም አለ፦ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። ስንት ጠጠር ይልቀሙ? ያ የተበላሸው 48 ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከፍ ላሉት ዘመኑን ጠይቋቸው። 2012 ዘመነ ዮሐንስ ነበር፣ 2016ም ዮሐንስ ነበር። ቀጣዩ መቼ ነው? ለምን ሁሉም ለ4 እኩል ይካፈላሉ? አያቶች ይህን ያለ ወረቀት ያውቁታል። አጠገባቸው አስቀምጧቸው።

ከስብሰባው በኋላ ክፍሌ ክፍት ነው። ጠረጴዛው ላይ አሥር ምስማር በክብ የተመታበት ጣውላ አለ፤ ከ0 እስከ 9 ቁጥር ተጽፎበታል። ክር ውሰዱና የ4ን ብዜት የመጨረሻ አኃዝ ተከተሉ፦ 0፣ 4፣ 8፣ 2፣ 6፣ መልሶ 0። ኮከብ ይወጣል። ከዚያ በሌላ ቀለም ክር የ6ን ሞክሩ። ልጆቻችሁ ያዩትን ዓይታችሁ ወደ ቤት ግቡ።