እይታ ሌላ፣ መኝታ ሌላ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ባህር ዳርቻ ካምፒንግ ላወራችሁ ነው።

ከባህሩ ጎን ለጎን ስትነዱ ባህሩን ቀኑን ሙሉ ታዩታላችሁ፣ ግን አትሰሙትም። ሞተሩን አጥፍታችሁ ስትወርዱ ነው ድምፁ የሚመጣው። ታዲያ ያኔ ሰው ይቸኩላል፤ ያየው ቦታ ላይ ድንኳን ካልተከልኩ ይላል።

እኔ ግን እይታ ሌላ፣ መኝታ ሌላ ባይ ነኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ንፋሱ ድንኳኑን ሲንጠው ያድራል፤ ከሥር ያለውን አፈርም ማዕበል በልቶት ሊሆን ይችላል። ታች ያለው ሰፊ አሸዋ ደግሞ ያማልላል። ግን ባህሩ ሄዶ አይቀርም፣ ይመለሳል። በብዙ ዳርቻዎች ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ውሃው ይበልጥ ከፍ ይላል።

መጀመሪያ ዓይኔ የሚፈልገው ያንን ጠቆር ያለ መስመር ነው። የባህር አረም፣ የእንጨት ስብርባሪ፣ ዛጎል፣ አንዳንዴም የአንድ እግር ነጠላ ጫማ። ውሃው በቅርቡ እስከየት እንደደረሰ እሱ ይናገራል። ከሱ በደንብ ከፍ ብዬ፣ ከቁጥቋጦ ወይም ከአሸዋ ጉብታ ጀርባ እገባለሁ። አብረውኝ ያሉት ይነጫነጫሉ፦ «ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተን ቅጠል ልናይ ነው?» ይነጫነጩ። እይታው ሁለት እርምጃ ነው፣ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ደረቅ አሸዋ ካስማ አይዝም። ገመዱን ሳብ ስታደርጉት ካስማው እጃችሁ ላይ ይቀራል። ይልቅ ከረጢት በአሸዋ ሙሉ፣ አፉን በድንኳኑ ገመድ እሰሩ፣ ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ከዚያ ላዩን በእግራችሁ ጠቅጥቁት። ጠዋት ከረጢቱን አራግፎ ይዞ መሄድ ነው።

ሌላው ንፋሱ ነው። ቀን የብሱ ከውሃው ቶሎ ስለሚሞቅ ከባህር ይነፍሳል። ሌሊት የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ለስለስ ብሎም ቢሆን አቅጣጫው ይገለበጣል። በሩን ወደ የብስ አዙራችሁ «አመለጥነው» ስትሉ፣ ሌሊት ፊት ለፊት ይመጣባችኋል።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ግን ብርሃን ሲኖር ነው። ከመሸባችሁ መስመሩም ገደሉም አይታይም። ያኔ ካምፕ የተፈቀደበት ቦታ ፈልጋችሁ ግቡ፤ ካጣችሁም መቆም የሚቻልበት ጋ መኪናችሁ ውስጥ እደሩ። አንገት ያማል፣ ምን ይደረግ!