ዕድሜው 30 የሆነ መንገደኛ ለምን በዛ?

እንደምን አመሻችሁ። ታሪክ የምታጠኑም ስታቲስቲክስ የምትማሩም እዚህ እንዳላችሁ ስለነገሩኝ፣ ሁለታችሁንም የሚያገናኝ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ የኤሊስ ደሴትን የመንገደኞች መዝገብ።

ኤሊስ ደሴት ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1954 ድረስ 12 ሚሊዮን የሚሆኑ ስደተኞች በእሷ በኩል አሜሪካ ገብተዋል። ብዙ ሰው መዝገቡ እዚያው ደሴቷ ላይ የተጻፈ ይመስለዋል። አይደለም። ዝርዝሩን የሚሞሉት የመርከብ ድርጅቱ ጸሐፊዎች ነበሩ፣ ያውም በመነሻው ወደብ፣ ኔፕልስ ወይም ሃምቡርግ ላይ። የደሴቷ መርማሪ የተጻፈውን ይዞ ነው የሚጠይቀው። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ዕድሜ የሰፈረበትን ዓምድ ውሰዱ። የተወለደበትን ዓመት በትክክል የማያውቅ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ ወደ 30፣ ወደ 35፣ ወደ 40 ያጠጋጋል፤ በእኛም አገር የሕዝብ ቆጠራ ይኸው ጣጣ አለ። ግን 30 በዛ ስንል ከምን አንጻር ነው? የመላምት ፈተና፣ ማለትም ያገኘነው ቁጥር በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችል እንደሆነ የምንመዝንበት ስሌት፣ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። መነሻ መላምታችን «ማንም አላጠጋጋም» ይላል። ከ23 እስከ 62 ካሉት 40 ዕድሜዎች በ0 ወይም በ5 የሚያልቁት 8 ናቸው፣ 20 በመቶ ማለት ነው። 500 ሰው ብንወስድ እንበል፣ 100 ያህል እንጠብቃለን። 108 ቢመጣ አትደነቁ፣ በአጋጣሚ ብቻ ይመጣል። 130 ቢመጣ ግን፣ ማንም ሳያጠጋጋ ይህን ያህል የማግኘት ዕድሉ ከሺህ አንድ አይሞላም፤ ስለዚህ መነሻ መላምቱን እንጥላለን።

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። ስደተኛው በአብዛኛው ወጣት ነበር። ከ23 እስከ 29 ካሉት ሰባት ዕድሜዎች ደግሞ በ5 የሚያልቀው 25 ብቻ ነው፣ 14 በመቶ ገደማ። መርከቧ በወጣት ከተሞላች 20 በመቶ የሚለው መነሻ ራሱ የተሳሳተ ነው፤ 100 አግኝታችሁ «ሰላም ነው» ብትሉ ማጠጋጋቱ ዓይናችሁ ሥር አለፈ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ፈተናው እያንዳንዱ መስመር ለብቻው የቆመ አድርጎ ያስባል። መዝገቡ ላይ ግን ባልና ሚስት፣ ወንድማማቾች፣ የአንድ መንደር ልጆች ተከታትለው ሰፍረዋል፣ ገጹን የሞላውም አንድ እጅ ነው። ያ ጸሐፊ ዕድሜ የሚገምት ከነበረ፣ 500 መስመር የ500 ሰው ምስክርነት ሊሆን አይችልም። በአንድ መርከብ ላይ መስመር ከማብዛት ብዙ መርከቦችን መውሰድ ይሻላል።

እና ያጠጋጋው ማነው፣ መንገደኛው ወይስ ጸሐፊው? የፈተናው ውጤት ብቻውን ይህን አይነግራችሁም። ከአንድ ወደብ የተነሱ፣ የአንድ አካባቢ ሰዎችን የጫኑ ግን ጸሐፊያቸው የተለያየ መርከቦችን አወዳድሩ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ከሚመጣው በላይ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የጸሐፊውን ብዕር ነው። መዝገቦቹ ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ ማን ይጀምራል?